የሙከራው ወለል

ባሏ የእንጨት ወለል ቀቢ ነበር። የራሳቸውን ሳሎን ግማሹን ቫርኒሽ፣ ግማሹን ዘይት ቀባና «የቱ እንደሚበረታ አንቺ ፈትኚልኝ» አላት። እሷም ዓመት ከዓመት ወንበር ጎተተችበት፣ ውሃ ደፋችበት፣ ተንበርክካ ወለወለችው። «ቫርኒሹ ማብረቅረቁን ያውቃል እንጂ አንዴ ከተጫረ ሙሉውን መፋቅ ነው፤ ዘይቱ ግን የተጎዳችው ቦታ ብቻ ትቀባለች» አለችው። «እንግዲያው የኛንም አንድ ወጥ አድርገው» ስትለው ዛሬ ነገ ሲላት ኖሮ፣ ጥሏት ሌላ አገባ።

አባቱ ጋ የዋለ ልጇን ልትወስድ አዲሱ ቤታቸው የሄደች ዕለት ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ዘይት ተቀብቶ አገኘችው።

«እህቴ፣ ጫማሽን ብታወልቂ» አለቻት አዲሷ ሚስት በሩ ላይ።

በመወልወል ያለቀ ጉልበቷ እየተንቋቋ ጎንበስ አለች።

«አትቀየሚኝ፤ ባሌ ስንት ዓመት ፈትኖ ነው ይሄን የመረጠልኝ።»