የባንቺዓለም ንግግር

«ቆዩ እስቲ!» አለች ሀብትነሽ። «ሴት እንዲህ አትታረቅም።»

ስማቸው ሻሹን እንዳሰረ፣ ቀሚሱን እንደለበሰ፣ አንድ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ቀረ። ንግግሩ ሊያልቅ ሦስት መስመር ይቀረው ነበር። የሞጣ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከግድግዳው የጃንሆይ ፎቶግራፍ በቀር የሚያያቸው አልነበረም፤ ተመልካቹ የሚመጣው በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ይህ ቴአትር ቢቸናን ካስለቀሰ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ልጆቻቸውን አብረው ያሳደጉ ሁለት ጎረቤታሞች በሐሜት ይጣላሉ፤ በመጨረሻ ይታረቃሉ። ያኔ መድረክ ላይ የምትወጣ ሴት ስለጠፋ ሁለቱንም ሴቶች የሠሩት ወንዶች አስተማሪዎች ነበሩ። ስማቸው የተበደለችውን ባንቺዓለምን ሆኖ የይቅርታውን ንግግር ሲናገር አዳራሹ በእንባ ታጠበ። ሂሳብ እንደሚያስተምር እንኳ የማያውቁ ገበያተኞች እስከ ዛሬ «ባንቺዓለም» ብለው ይጠሩታል፤ እሱም ደስ ይለዋል። ቴአትሩ ለሞጣ ሰው እንዲታይ እንደገና ሲነሣ የባንቺዓለምን ጎረቤት የሠራው አስተማሪ ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሮ ስለነበር፣ የጤና ጣቢያዋ ቁስል አሻጊ፣ ድሬሰሯ ሀብትነሽ ተተካች። ሥራዋን አሳምራ ትሠራለች፤ እንዲህ ያለ ምላስ ይኖራታል ብሎ ግን ማን ጠረጠረ?

«ታዲያ እንዴት ነው የምትታረቀው?» አለ ስማቸው።

«እኔ ከተናገርኩ ይቀየሙኛል፣ ጋሽ ስማቸው። ቤታቸው ያረፍንባቸውን እትዬ ወለተ ሐናን ይጠይቋቸው።»

መቀየሙ ባይቀርም ነገሩ ከነከነው። ሴት ሆኖ ያን ያህል ተጨብጭቦለታል፤ ሁለት ሴቶች ሲታረቁ ግን አንድም ቀን አላየም።

እትዬ ወለተ ሐና ጥያቄውን ሲሰሙ ሳቁበት። «እኔና ፈንታነሽ ሁለት ዓመት ተኳርፈን ነበር። አንድ ቀን መጣች፣ ሻሿን ፈታች፣ ጉልበቴ መሀል ቁጭ አለች። ወስፌዬን አንሥቼ ጸጉሯን ከፈልኩና መጎንጎን ጀመርኩ።»

«ምን አሏት?»

«ምን እላታለሁ? ንዴቱ እጄ ላይ ነበረ። አጥብቄ ስስባት ዝም ብላ ቻለችኝ። ማጅራቷ ጋ ስደርስ ለቀቀኝ።»

«በቃ?»

«በቃ። ይልቅ ልጅቱን ጥራትና ና፤ እስቲ እጅህን ልየው።»

ከሰዓቱን ሙሉ የሀብትነሽን ጸጉር ሲያበላሽ ዋለ። ጠመኔ የለመደ ጣቱ ሦስቱን ዘለላ አንድ ላይ መያዝ አቃተው። አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል፤ እትዬ ወለተ ሐና በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ሀብትነሽ «ኧረ ጭንቅላቴን!» ትላለች። በመጨረሻ አንዲት የተንሻፈፈች ሹሩባ ወጣች። ስማቸው ከግራም ከቀኝም ዞሮ አያት፤ ኮራ። ንግግሩን ለመተው ግን ሆዱ አልቆርጥ አለው። ያንን ትቶ ማን ሊባል ነው? እመድረኩ ላይ እወስናለሁ ብሎ አሳደረው።

እሑድ አዳራሹ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። የንግግሩን ዝና የሰሙት ቀድመው መጥተው ፊት ፊቱን ይዘዋል። የዕርቁ ቦታ ሲደርስ ሀብትነሽ ሻሿን ፈትታ ጉልበቱ መሀል ቁጭ አለች። ስማቸው ጸጉሯን ከፈለ። መጎንጎን ጀመረ።

«ንግግሩስ?» አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ።

«ለዚህ ነው እንዴ የመጣነው?» አለ ሌላው።

ስማቸው ጣቱን ሹሩባው ላይ አቆመ። የንግግሩ የመጀመሪያ ቃል አፉ ውስጥ ነበር፤ ቢያወጣው አዳራሹ መልሶ የእሱ ይሆናል።

ከሴቶቹ መሀል አንዲት ጮክ አለች። «ሳብ አድርጊው እንጂ! እንዲህ በቀላሉ ነው የምትለቂያት?»

ማንም አልሳቀም። ስማቸው ጥርሱን ነክሶ ሳበ። የሀብትነሽ አንገት ወደ ኋላ ተጎተተ፤ ዝም ብላ ቻለችው። የመጀመሪያዋን ሹሩባ ቋጨና፣ አፉን እንደዘጋ፣ ሁለተኛዋን ጀመረ።