ለአንዋሪ የተገዛው ራም

ሐኪሞቹ «ከእንግዲህ ቤቷ ብትሆን ይሻላል» ብለው አንዋሪን ከሸኟት በኋላ፣ ባሏ ነዒሙዲን አልጋዋን ከጓዳ አውጥቶ ሳሎን ውስጥ ኮምፒውተሩ አጠገብ ዘረጋላት። ጉበቷ አልቋል፤ ዓይኗ እርድ መስሏል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ግን ትራስ ተደግፋ፣ ሻሿን አስተካክላ ትጠብቃለች። ኦማን፣ ሙስካት ያገባችው አንድ ልጃቸው ሸጉፍታ በቪዲዮ የምትደውለው ያኔ ነው። ሸጉፍታ ስምንት ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ስለሆነች አየር መንገዱ አላሳፍርም ብሏታል።

ኮምፒውተሩን ነዒሙዲን የገዛው ከባቡር ጣቢያ ጸሐፊነቱ ጡረታ በወጣ ሰሞን ነው፤ ያኔም አዲስ አልነበረም። የልጅቱ ፊት ብቅ ይልና ባለበት ይደርቃል፣ ድምፅዋም ይቆራረጣል።

«የሸጉፍታ አባት» አለችው አንዋሪ አንድ ቀን፤ የባሏን ስም ጠርታ አታውቅም። «ልጄን እኮ ፎቶ አደረግህብኝ። ስትስቅ ማየት አማረኝ።»

«ራም የሚሉት የማስታወሻ ክፍሉ አንሶት ነው አሉኝ። እጨምርበታለሁ።»

«ጡፈይልን ጥራዋ። እሱ ያውቅበታል።»

ጡፈይል በግድግዳ የሚዋሰኑት ጎረቤታቸው ነው፤ እቤቱ ሆኖ ኮምፒውተር ይጠግናል። ከአራት ዓመት በፊት ነዒሙዲን «የፍሳሽ ውሃህ ግድግዳዬን አራሰው» ብሎ መስጊድ በር ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት «ባለጌ የባለጌ ልጅ» ሲል ሰድቦት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የላቸውም።

«እሱ ደጅ ከምቆም እግሬ ይሰበር!»

«ያጣላችሁ እርጥብ ግድግዳ ነው፣ ደም አይደለም» አለችውና ፊቷን አዞረች።

ሐሙስ ገበያ ወጣ። ሻጩ «ሳሂብ፣ የማሽኑ ዓይነት ምንድን ነው? አሮጌውን ራም ይዘው ቢመጡ ይሻል ነበር» ቢለው፣ «ኮምፒውተር ኮምፒውተር ነው፤ ትልቁን ስጠኝ» ብሎ አጣደፈው።

እቤት ገብቶ ክዳኑን ፈታ። ውስጡ አቧራና የበረሮ ክንፍ ነው። አሮጌውን ራም ነቅሎ አዲሱን በቦታው ቢያስገባ አልገጥም አለ፤ የራሙ ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት ከማስገቢያው ጥርስ ጋር የሩዝ ፍሬ ያህል ትዛነፋለች። አገላብጦ ሞከረ፤ እንቢ። አንዋሪ ከአልጋዋ ሆና ታየዋለች። እያየችው መሸነፉ አሳፈረውና በሁለት አውራ ጣቶቹ ተጫነው። ቀጭ አለ።

ማሽኑን ሲያበራው ሦስት ጊዜ ጮኸ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። አሮጌውን መልሶ እዚያው ሰካው፤ ያው ነው። ማስገቢያው ተሰንጥቋል።

«ምን ሆነ?»

«ምንም። ነገ ይሠራል።»

በማግስቱ አንዋሪ ሻሿን አስተካክላ ጥቁሩን ስክሪን ስታይ ዋለች። ሸጉፍታ በስልክ ስትደውል «ድምፅሽንስ ሰማሁ፤ ፊትሽስ?» አለቻት። ቅዳሜ ነዒሙዲንን በሞተ ወንድሟ ስም ጠራችው። እሑድ ጧት ቢጠራት አቤት አላለችም፤ ዓይኗ በከፊል እንደተከፈተ ታንኮራፋለች። ነዒሙዲን በባዶ እግሩ ወጥቶ የጡፈይልን በር ደበደበ።

ጡፈይል የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ ከፈተ።

«ጡፈይል ወንድሜ...» አለ ነዒሙዲን።

«እህታችን አንዋሪ ደህና ናት?»

«ኮምፒውተሩን ሰበርኩት። ልጇን ሳታይ ልትሄድ ነው።»

ጡፈይል ብርጭቆውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ተከተለው። ማሽኑ ፊት ተንበርክኮ ለአፍታ አየ።

«ይሄ እኮ ሌላ ማስገቢያ አለው» አለ በጣቱ እያሳየ። «አሮጌውን እዚህ ብትሰካው ይነሳልህ ነበር። መቼ ነው የተሰበረው?»

«ሐሙስ።»

ጡፈይል ቀና ብሎ አልጋውን አየ። እቤቱ ሄዶ ከራሱ ማሽን የሚስማማ ራም ነቅሎ መጣ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም።

ሲደውሉላት የሸጉፍታ ፊት ሳይደርቅ፣ ሳይቆራረጥ መጣ።

«እማ! እይኝ እንጂ እማዬ!» ሆዷን ወደ ካሜራው አስጠጋች። «ሲራገጥ እይው!»

ነዒሙዲን የሚስቱን ራስ ቀና አድርጎ ያዘ። ዓይኖቿ ወደ ስክሪኑ ነበሩ፤ ይዩ አይዩ ግን ማንም ማወቅ አልቻለም። ሸጉፍታ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ስታወራት ቆየች።

አንዋሪ ሰኞ ረፋድ ላይ አረፈች፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ተቀበረች። ቃሬዛውን ከፊት ከተሸከሙት አንዱ ጡፈይል ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሸጉፍታ ደወለች። «አባ፣ እማ እኮ ዓርብ ታወራ ነበር። ለምን ያኔውኑ አላሠራኸውም?»

«ጠጋኝ አጣሁ» ቢላት ታምነው ነበር። ነዒሙዲን ግን፣ «ጠጋኙ አጠገቤ ነበር» አላት። «እኔ ሰበርኩት፤ ጡፈይልን መለመን አፍሬ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ።»

 

«እሺ» አለችና ዘጋች።

በወሩ፣ ወንድ ልጅ መውለዷን ለነዒሙዲን ደውለው የነገሩት እሷ ሳትሆን አማቾቿ ናቸው።