የፒካፗ ድምፅ

ሹፌሩ የቀኙን በር ልባስ ነቅሎ በየቡሎኑ ሥር የጎማ ቁራጭ ሲወትፍ፣ መካኒኩ ከኋላው ቆሞ ይስቅ ነበር።

"ጋሼ፣ የዚች ፒካፕ ብረት እርስዎ ከወተፉባት ጎማ ያንሳል።"

ሹፌሩ አልሳቀም። ትር ትር የምትለው ድምፅ ከጀመረችው ሰንብታለች። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ አሳስሮ፣ የኋላውን ስፖንዳ በገመድ ጠፍሮ፣ ዳሽቦርዱን በካርቶን ወትፎም አልተወችውም። ሚስቱ፣ ያረጀ ነገር ሁሉ ያጉረመርማል፣ አንተስ መች ታርፋለህ እያለች ትቀልድበታለች። በየማለዳው ሽንኩርቷን ከኋላ ጭና፣ አጠገቡ ተቀምጣ ገበያ የምትሄደው በዚችው መኪና ነው። ቤቱም የሚተዳደረው በዚሁ ነው፤ እሱ ከመሪ ሌላ ሙያ የለውም።

መካኒኩን ሰፈሩ "ጆሮ" ይለዋል። የረጅም ካቻቪቴ ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ነው ብልሽት የሚፈልገው። መጀመሪያ ራሱ ነዳት፤ በኮረኮንቹም በአስፋልቱም ወሰዳት። ድምፅ የለም። ሹፌሩ፣ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደተወው ሰው አፈረ።

"እስቲ እርስዎ ይንዱ" አለው ጆሮ።

ቦታ ተቀያየሩ። ጥቂት እንደሄዱ ትር ትር አለች።

"ይኸው! ሰማህ?" አለ ሹፌሩ፣ ደስ ብሎት።

ጆሮ ካቻቪቴውን በሩ ላይ፣ ዳሽቦርዱ ላይ፣ ወለሉ ላይ እያሳረፈ አዳመጠ። የማርሹ ዘንግ ላይ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ ዳር ይዞ ሞተሩን እንዲያጠፋ ለመነው።

ሞተሩ ጠፋ። ድምፁ አልጠፋም። ሹፌሩ እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን የማርሹ እጀታ ላይ አሳርፏል፤ የላላው እጀታ ከመዳፉ ሥር ይርገፈገፋል።

"እጅዎን ያንሱት እስቲ።"

አነሳው። ጸጥ አለ። መልሶ አሳረፈው። ትር ትር።

ጆሮ ቀና ብሎ አላየውም። እጀታው ስለላላ ነው፣ አጥብቄ እሰጥዎታለሁ ብሎ ጀመረና ካቻቪቴውን ወለሉ ላይ አኖረ።

"ታላቅ ወንድሜን ታስታውሰዋለህ?" አለ ሹፌሩ። "እሱም ከእጁ ነው የጀመረው።"

ጆሮ ያስታውሳል። ሰውየው በመጨረሻ ውሃ እንኳ የሚጠጣው ብርጭቆውን ሰው ይዞለት ነበር።

"ሐኪም ይዩ ጋሼ። አሁን መድኃኒት አለው ይባላል።"

"ለእሱም ብለውት ነበር።"

ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ነበረች። ሹፌሩ ስልኩን በግራ እጁ አንስቶ ቀኙን ከጭኑ ሥር ወሸቀው።

"ተገኘልህ?"

"አልተገኘም። መኪናዋ አብቅቶላታል። ለነገ የሚያደርስሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።"

"በአንዲት ድምፅ? ምን ነካህ አንተ ሰው፣ ስንት ዓመት ስትንቋቋ ኖራ የለም እንዴ?"

"ፈልጊ አልኩሽ እኮ።"

ስልኩን ዘጋ። ቁልፉን ነቅሎ በጆሮ ጉልበት ላይ አኖረ። ከዚያ ወርዶ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞረና፣ ጆሮ ወደ መሪው እስኪሻገርለት የቀኙን በር ይዞ ቆመ።