ባይደረግልኝስ?

ድርጅቱን ሊያስመዘግቡ የሄዱ ዕለት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ብዕሩን እንደያዘ ሲስተርን ጠየቃት።

«ታክማላችሁ?»

«አናክምም።»

«መድኃኒትስ ትሰጣላችሁ?»

«አንሰጥም።»

«መርፌም የለም?»

«መርፌ ስወጋ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት፤ አሁን በቃኝ።»

ሠራተኛው ብዕሩን አስቀመጠ። «እናቴ፣ ታዲያ የጤና ድርጅት የሚሉኝ ምኑን ነው?»

«ሐኪም የነገረውን በሽተኛው እስኪገባው ድረስ እናስረዳዋለን። ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ እንነግረዋለን። በነፃ።»

ሠራተኛው ግራ ገብቶት አጠገቧ የቆሙትን ታላቅ ወንድሟን ተመለከተ። እሳቸውም ፈገግ ብለው «አይዞህ ልጄ፣ እኔም ቶሎ አልገባኝም ነበር» አሉት።

ነገሩ የገባቸው በራጅ ብዛት ነው። ሲስተር ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የኖረችው በአልጋና በአልጋ መካከል እየሮጠች ነው። ዶክተሩ ትንፋሽ ሳይወስድ ተናግሮ ያልፋል፤ በሽተኛው «እሺ ዶክተር» ይላል። ዶክተሩ በሩን እንደወጣ ያው በሽተኛ የሲስተርን እጅጌ ይይዝና «ምን አለኝ?» ይላታል። ጡረታ ወጥታ እንኳ እጅጌዋን የሚይዛት አላጣችም። ጎረቤቱ፣ የጎረቤቱ አማት፣ የአማትየዋ ጓደኛ ሁሉ ራጁን ይዞ ወደ ግቢው ይመጣል። ወንድሟ ቁርሳቸውን ሊበሉ ወደ ወጥ ቤት በገቡ ቁጥር መስኮቱ ላይ የሰው ጎድን ተለጥፎ ያዩ ጀመር። አንድ ቀን «እኔ ከማላውቀው ሰው ሳንባ ጋር ቁርስ መብላት አልቻልኩም» አሉና ወደ መንገድ የሚያየውን፣ ለፎቶ ቤት ያከራዩት የነበረውን ክፍል ከነአግዳሚ ወንበሩ ለቀቁላት።

እሳቸው እንዲህ ናቸው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ትንሿን እህታቸውን ያሳደጉት፣ አስተምረው ለነርስነት ያበቁት እሳቸው ናቸው፤ እስካሁንም «ሚጣ» ነው የሚሏት። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። አንድ ሰው እጁን እያውለበለበ ሲሮጥ ካዩ ጥለውት መሄድ አይሆንላቸውም፤ የትም ይቆማሉ። ለዚህ ነው ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፌርማታ» የሚላቸው። አለቆቻቸው ግን ሌላ ስም አውጥተውላቸው ነበር ይባላል።

ከአውቶቡስ ጋራዥ ለምነው ባመጡት ሰማያዊ ቀለም ክፍሉን ቀቡት። በተረፈው ደግሞ፣ ሲስተር እየነገረቻቸው፣ ሦስት ጥያቄዎች ግድግዳው ላይ ጻፉ። «ሕመሜ ምንድን ነው? ምን ይደረግልኛል? ባይደረግልኝስ?» ፊደሎቹ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ብለዋል፤ ግን ከመንገድ ማዶ ይነበባሉ። የቤቱ ደንብ ደግሞ አንድ ነበር። ማንም ሰው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ሳይናገር ከወንበሩ አይነሳም። «ገባኝ» ማለት አይበቃም። ሲስተርና የድሮ ባልደረባዋ ፋርማሲስቷ ውስጥ ሆነው ያስረዳሉ፤ ጋሽ ፌርማታ በር ላይ ተቀምጠው ተራ ያስከብራሉ። «ቀጣይ! ጠጋ ጠጋ በሉ! የቆማችሁ ወደ ውስጥ ግቡ!» ሲሉ ሆዱን ይዞ የመጣ ሰው እንኳ ይስቃል።

አንድ ጠዋት አንዲት ወጣት አባቷን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ ብቻዋን ገባች። «እባክዎ ሲስተር፣ ካንሰር መሆኑን እንዳይነግሩብኝ። ይሰበርብኛል።»

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። እንዲህ ካደረገች ነገር አለ። «የማን ሆድ ነው የታመመው? ያንቺ ነው? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሐሜት ነው እንጂ ለበሽታ አይደለም። ከእኔ ቤት በሽተኛ እየተዋሸ አይወጣም። አባትሽን አስገቢያቸው።»

ልጅቷ እያለቀሰች አስገባቻቸው። አባትየው ሰሙ፣ መልሰው ተናገሩ፣ የልጃቸውንም እጅ ይዘው ወጡ። ጋሽ ፌርማታ በር ላይ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። «ጎበዝ፣ ሚጣ» አሏት። እሷም ቀኑን ሙሉ ደረቷን ነፍታ ዋለች፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አብዝታዋለች።

ከዚያ የጋሽ ፌርማታ ሱሪ ይሰፋቸው ጀመር። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ተበጀለት። ሰገራቸው ላይ ደም እንዳዩ ሲነግሯት ግን እጃቸውን ይዛ ወደ ድሮ ሆስፒታሏ ወሰደቻቸው። አንጀታቸው ካሜራ ባለው ቱቦ ታየ፣ ናሙናም ተወሰደ። ውጤቱ የደረሰ ቀን፣ ተማሪ ሳለ መርፌ አያያዝ ያሳየችው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ለብቻዋ አስጠራት። ትልቁ አንጀት ላይ ያለ ካንሰር ነው። እስካሁን እንደታየው አልተዛመተም፤ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል፤ መዘግየት ግን የለበትም። ለሚቀጥለው ሳምንት አልጋ አለ፤ ያ ካለፈ ወረፋው ረጅም ነው።

«ለጋሼ እኔ ልንገራቸው ወይስ እርስዎ?» አላት።

«ለወንድሜ እኔ እነግረዋለሁ።»

ደረጃውን እየወረደች ቃሉን አዘጋጀች። ስንት ሰው ነግራለች! ጋሽ ፌርማታ ታች ተቀምጠው አጠገባቸው ያለውን በሽተኛ እያሳቁ ነበር። ሲያዩዋት ኮፍያቸውን አንስተው «እህሳ ሚጣ፣ ምን ተባለ?» አሏት። ያንን ፊት አየች፤ አፍንጫዋን አሸት አደረገች። «ቁስል ነው» አለች። «የአንጀት ቁስል። ትንሽ ኦፕራሲዮን ቢጤ ያስፈልገዋል።»

ውሸቷ እዚያው መዘዝ አመጣ። «ለቁስል ብዬ ሆዴን አላስቀድድም» አሉ ጋሽ ፌርማታ። «ቁስል ይድናል።» በማግስቱም ያው፣ ከዚያ በኋላም ያው። ከባድ ነው ስትላቸው «ትንሽ ነው አላልሽም?» ይሏታል። ትንሽ ነው ስትላቸው «እንግዲያው ይቆይ» ይላሉ። በገዛ እጇ በሩን ቆልፋ ቁልፉንም ለእሳቸው ሰጥታለች።

ፋርማሲስቷ ነገሩን ስትሰማ ራሷን ያዘች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አንቺ ደግሞ ብለሽ ብለሽ የሰው በሽታ ትደብቂያለሽ? ለምን አትነግሪውም?»

«ይሰበርብኛል» አለች ሲስተር። ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የማን ቃል እንደሆነ አወቀች፤ አፈረችም። ግን አልነገረቻቸውም። መፍራት እንዲህ ነው፤ ያሳፍራል እንጂ አይለቅም።

የአልጋው ቀን ሊያልፍ ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት በሩ ላይ የሚጣራ ሰው ጠፋ። ሲስተር አንገቷን አውጥታ አየች። ጋሽ ፌርማታ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም ሰው ኋላ ተቀምጠዋል።

«ጋሽ ፌርማታ፣ ዛሬ ተሳፋሪ ሆኑ እንዴ?» ይላቸዋል ተሰላፊው።

«አዎ፣ ትርፍ ነኝ፤ ጠጋ በልልኝ።»

ቅድሚያ ሊሰጧቸው ቢሞክሩ እምቢ አሉ። ሲስተር የመጣውን ሁሉ አስተናገደች። ለራስ ምታት ብሎ ለመጣ ሰው ስለ አንጎል ብዙ አስረዳችው፤ ስለ ሚስቱ ጤናም ጠየቀችው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ወንድሟ አንድ ሰው ያህል ተጠግተው ታገኛቸዋለች። በመጨረሻ የሚያስገባ ሌላ ሰው አጣች።

ገቡ፣ በሩን ዘጉ፣ ከበሽተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እንደምን አደሩ፣ ሲስተር?» አሏት። አንድም ቀን አንቱ ብለዋት አያውቁም።

«ጋሼ፣ እባክህ...»

«በሽተኛ ነኝ። ሕመሜ ምንድን ነው?»

«ነገርኩህ እኮ። ቁስል...»

«እሺ፣ ቁስል ይሁን። ምን ይደረግልኛል?»

«ኦፕራሲዮን።»

ጋሽ ፌርማታ ጣታቸውን አንስተው ወደ ግድግዳው አመለከቱ፤ ወደ ራሳቸው ዘማማ ፊደሎች። «ባይደረግልኝስ?»

ሲስተር አፏን ከፈተች። ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ውሸት አልነበራትም። «ትሞትብኛለህ» አለችና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ እንደ ልጅ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ ሁሉንም ነገረቻቸው። የበሽታውን ስም፣ ያለበትን ቦታ፣ ሐኪሙ ያለውን፣ ሐኪሙም የማያውቀውን።

ጋሽ ፌርማታ ለረጅም ጊዜ መሪ የጨበጡ እጆቻቸውን አዩ። «ቁስል እንዳልሆነማ አውቄያለሁ። አንቺ ልጅ ሆነሽም ስትዋሺ አፍንጫሽን ታሺ ነበር» አሉ። አንቱታው ቀረ። «እኔን ያቃጠለኝ ሕመሙ አይደለም፣ ሚጣ። መንገደኛው ሁሉ እውነቱን በሚሰማበት ቤት ለእኔ ብቻ ተዘጋ። ፌርማታው ላይ እጄን እያውለበለብኩ ቆሜ፣ አንቺ አይተሽ እንዳላየ ጥለሽኝ አለፍሽ።»

«ፈርቼ ነው፣ ጋሼ። ያለ አንተ ማን አለኝ?»

«አውቃለሁ። እኔም ፈርቻለሁ። አብረን ብንፈራ ምን ነበረበት?»

ሲስተር ፊቷን ጠረገች። ደንብ ደንብ ነው፤ «የገባህን ንገረኝ» አለቻቸው።

«ካንሰር ነው» አሉ። እዚያ ላይ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ግን ቀጠሉ። «አንጀቴ ላይ ነው። ቆርጠው ያወጡታል፤ ሲከፍቱት ሌላ ነገር ሊያገኙም ይችላሉ። ካወጡት ልድን እችላለሁ፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ግን የለም። ካልተደረገልኝ እሞታለሁ። ስለዚህ አልጋውን ያዢልኝ፤ እገባለሁ።»

«ገብቶሃል።»

«ቆይ፣ ተራው ያንቺ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ስለ እኔ የሚባለውን ነገር፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። በይ፣ የገባሽን ንገሪኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ...» አለች ሲስተር፤ የቀረውን ወደ ጠረጴዛው አጎንብሳ አጉተመተመችው።

«አልሰማሁም። መልሰሽ ተናገሪ፤ ካልተናገርሽ ከወንበሩ አልነሳም።»

«ከዛሬ ጀምሮ ቀድመህ የምትሰማው አንተ ነህ። ክፉም ቢሆን።»

ጋሽ ፌርማታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮፍያቸውን አድርገው፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ፤ በሩንም ከፈቱ። አግዳሚው ላይ አዲስ የመጡ ሰዎች ተደርድረዋል።

«ቀጣይ!» አሉ። ድምፃቸው እንደ ድሮው አልነበረም፤ ግን አግዳሚው ጫፍ ድረስ ተሰማ። «ጠጋ ጠጋ በሉ!»