በአንድ ጣት ወርድ

«...ምድር ልትቀበለኝ እጇን ዘርግታ ስትጠብቅ፣ ከየት መጣች ሳልላት አንዲት ጭልፊት ከች! የጠቦት በግ የሚያህል ምንቃሯን እንዲህ ከፍታ በሱሪዬ ቀበቶ...» አለና የጣሪያ ቆርቆሮ መቺው፣ ምንቃሩ ምን ያህል እንደነበር ለማሳየት አፉን እስከ ጆሮው በረገደው። ከጆሮው ሥር አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። አፉም እንደተበረገደ ቀረ።

ሰው ሁሉ «ቃለ አጋኖ» ይለዋል፤ ሲቸኩል ደግሞ «አጋኖ»። ሌላው ሰፈር ተራ ዝናብ ሲዘንብ እሱ በቆመበት ዓሣ ተቀላቅሎበት ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሚስቱ ሻይ መቅዳቷን አላቆመችም።

«በቃ ዝጋው፤ ገብቶናል፣ ትልቅ ነበር» አለችው።

«ኧ... ኧኧ!»

«ጭልፊቷ ናት የምትጮኸው ወይስ አንተ?»

አማቱ ግን አልሳቁም። እግራቸው ሥር በገመድ የተጠፈረ ሻንጣ ቆሟል። ለዓይናቸው ሕክምና የመጡ ሴት ናቸው፤ የአንዱ ዓይን ሞራ ተገፎ የሁለተኛው ቀጠሮ ሳይደርስ፣ «ይቅርብኝ፣ በአንዱም አያለሁ» ብለው በቀትሩ አውቶቡስ ሊሄዱ ቆርጠዋል። ምክንያቱን ለልጃቸው ማድ ቤት ነግረዋታል።

«ባልሽ ጥርሱን ነክሶብኛል። አባባል እንዳይመስልሽ፤ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፋጭብኝ ያድራል።»

ልጃቸው ብትምል ብትገዘት አልሰሟትም። አሁንም የተበረገደውን አፍ ትኩር ብለው አዩና፣ «ይኸው! ሌሊት ሲያኝከኝ አድሮ ጠዋት ሊውጠኝ ነው» አሉ።

አጋኖ አገጩን በሁለት እጁ ወደ ላይ ገፋው። እንቢ። ለሃጩ ሸሚዙ ላይ ተንጠባጠበ። ዕድሜ ልኩን ለውሸቱ አድማጭ አጥቶ የማያውቅ ሰው፣ ዛሬ አንዲት እውነት ብትገጥመው የሚያምነው ጠፋ። ይኼኔ እንባው መጣ። ልጃቸው በሁለት ዓይኗ ያላየችውን ያን እንባ በአንድ ዓይናቸው ያዩት አማቱ ናቸው።

«አንቺ፣ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጪ» አሉ። «ይህ ሰው የምሩን ነው።»

አፉን በሻርፕ ሸፍነው ታክሲ ውስጥ ከተቱት። ሾፌሩ በመስታወት አየት አደረገውና፣ «ምን አይቶ ነው እንዲህ የደነገጠው?» አለ።

«አማቱን» አሉ አማቱ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኙት ሐኪም ቀጭን ሴት ናት። አጋኖ ሲያያት ይቺ ደግሞ የኔን መንጋጋ ይቅርና የሕፃን ጫማ ማሰሪያ የምትፈታም አትመስልም ብሎ ነበር። እሷ ግን አውራ ጣቶቿን በፋሻ ጠቅልላ አፉ ውስጥ አስገባች፣ የኋላ ጥርሶቹን ወደ ታች ተጫነች፣ ከዚያ ወደ ኋላ ገፋችው። መንጋጋው እንደ ተወላገደ በር እየተንቋቋ ሄዶ ቦታው ገባ።

«የመንጋጋው መገጣጠሚያ ነው የወለቀው» አለች። ከዚያ በትንሿ መስታወት ጥርሶቹን አየችና ቅንድቧን አነሳች። «እነዚህ ተበልተዋል። ሌሊት ጥርስ ያፋጫሉ?»

«እኔ? እኔ እንደ ሕፃን ነው የምተኛው።»

«ሕፃን!» አሉ አማቱ። «ዶክተር፣ ድንጋይ መፍጫ ነው! ጎረቤቶቻችን ወፍጮ የተከልን መስሏቸው እህል ሊያመጡልን ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ጥርሱ ውስጥ ገብቼበት ነው።»

ሐኪሟ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «እናቴ፣ በእንቅልፍ ልቡ ነው። ማፋጨቱን ራሱም አያውቀውም፤ ማንንም ጠልቶ አይደለም። ጭንቀት ግን ያባብሰዋል። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ ከመጣሁ ወዲህ ነዋ!»

«አይደለም» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «አንቺ የመጣሽው በማግሥቱ ነው። የጀመረው የጭልፊቷን ወሬ ይዞ ከሥራ የገባ ዕለት ነው። ያን ዕለት ማታ ቀስቅሼው ነበር።» ወደ ባሏ ዞረች። «ሰማህ? ጭልፊቷ...»

ሐኪሟ ነገሩን ሳታውቅ ጣልቃ ገባች። «ለጊዜው ብዙ አያናግሩት። ለሁለት ሳምንት አፍዎን ከአንድ ጣት ወርድ በላይ እንዳይከፍቱ። ሲያዛጉ አገጭዎን ደገፍ ያድርጉት። ለስላሳ ምግብ ብቻ። ለሌሊቱ በጥርስዎ ልክ ፕላስቲክ እናሠራለን። የፊት ጥርስዎ ላይ የሚስማር ምልክት አይቻለሁ፤ ሚስማር በጥርስ መያዝ ደግሞ ቀርቷል።»

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አማቱ አመልካች ጣታቸውን ወደ አፉ አስጠግተው ለኩት።

«በዚህ ቀዳዳ ጭልፊት አይወጣም» አሉት። «ጠበብ ያለ ነገር ካለህ ንገረን።»

አጋኖ መሬት መሬቱን አየ። እውነት ለመናገር አፍን ብዙ መክፈት እንደማያስፈልግ ያኔ ነው ያወቀው።

«ጭልፊት አልነበረችም» አለ። «አዳልጦኝ ከጣሪያው ስወርድ አሸንዳውን ያዝኩ። አሸንዳው ተነቀለ። አንዲት ሚስማር ብቻ ቀረች፣ እሷ በቀበቶዬ ያዘችኝ። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች መሰላል እስኪያመጡ ወደ ታች ሳይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ እፈራለሁ፤ ግን ይኸው በየቀኑ እወጣለሁ።»

ሚስቱ እጁን ያዘች።

«እኔ ደግሞ በእኔ ነው ብዬ ሁለተኛ ዓይኔን ትቼልህ ልሄድ ነበር» አሉ አማቱ። «ሞኝ!» ሞኙ ማን እንደሆነ አልተናገሩም።

የቀትሩ አውቶቡስ ሄዷል። ስለ እሱ ያነሳ የለም።

ስልኩ ጠራ። የሥራው አለቃ ነው።

«አጋኖ! ነገ ትልቁ ፎቅ ላይ ነን፤ በጠዋት ከች በል!»

«የደህንነት ቀበቶና ገመድ አለ?»

ከወዲያ ሳቅ ፈነዳ። «ለአንተ ደግሞ ቀበቶ! ጭልፊትህስ?»

ጭልፊቷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት የሚል መልስ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ጥሩ መልስ ነበር፤ ሳምንት ሙሉ የሚያስቅ። ዋጠውና አለቃው ስቆ እስኪጨርስ ጠበቀው።

«ካለ እመጣለሁ» አለ። «ከሌለ አልወጣም።»

«የምርህን ነው?» አለ አለቃው።

«የምሬን ነው» አለ አጋኖ፤ ሌላ ምንም አልጨመረበትም።