ድንጋይዋ የትም አትሄድም

አልጥላትም፣ ትናንት የአባዬን ፀጉር ቤት ስንዘጋ ወንድሜ ይቺን የምላጭ መሳያ ድንጋይ ነገ እዚህ እንዳላያት ነው ያለኝ፣ ይኸው ነጋ፣ ድንጋይዋም መዳፌ ላይ ናት፣ ይያት።

ሳሙና ብታክል ነው፣ አባዬ ፀጉር ማስተካከል ካስተማሩት ሰውዬ ወረሳት፣ ሰውዬው ከማን እንደወረሷት እግዜር ይወቅ፣ ስንቱ ምላጭ ተስሎባት መሃሏ ልሟል። ትንሽ የሳሙና አረፋ እቀባታለሁ፣ ምላጩን አጋድሜ፣ ስለቱን አስቀድሜ። አንድ። መገልበጥ በጀርባው ነው፣ በስለቱ የገለበጠ ምላጩን አበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ይውላል። ሁለት። ከአራት ጊዜ በላይ የሚስል ሆዳም ነው ይላል አባዬ፣ ወንድሜ አንዴ ሃያ ጊዜ ፈግፍጎት ስለቱ ጫፉ ላይ እንደ ክር ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ወዲህ ነው ድንጋይዋን የጠመዳት፣ ያቃተው ነገር ሁሉ ለእሱ ኋላ ቀር ነው፣ ዘመኑ የሚጣል ምላጭ ነው ይለኛል። ዘመኑ። ለአራት መቁጠር ያቃተው ሰው ስለ ዘመን ያወራልኛል።

ትናንት አባዬ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊውን ሲላጭ አገጫቸውን ቆረጣቸው፣ ደሙ ነጩ ፎጣ ላይ፣ ወንድሜ ወዲያው ወደ እኔ ዞረ፣ ደነዝ ምላጭ ሰጥተሽው ነው አለ፣ ሰው ፊት። ደነዝ ምላጭ ይቧጭራል፣ ፀጉር ይነጫል፣ ፊት ያቃጥላል እንጂ እንደዚያ አይሰነጥቅም፣ አይቼዋለሁ፣ ቀጭን፣ ንጹሕ መስመር፣ የእኔ ስለት ነው፣ የአባዬ እጅ ነው የተንቀጠቀጠው። ወንድሜም አይቷል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። አባዬ አንገቱን ደፍቶ ፎጣውን ያጥፋል፣ ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት፣ አርባ ዓመት የኖረበትን ሙያ በአንድ ቃል ልንጠቀው? አላደርገውም። ደነዝ ግን አልባልም። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ አላውቅም።

ሦስት። ወንድሜ ገባ። አሁንም? አሁንም አልኩት። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ሥራ ፎጣ ማጠብና መጥረግ ነው፣ ምላጭ እንዳትነኪ አለኝ። መጥረጊያው ያውልህ፣ እጅ አለህ አልኩት። አባዬ ጥግ ተቀምጦ እየሰማ ነው፣ እጆቹን ጉያው ውስጥ ወሽቋል።

ልብስ ሰፊው መጡ፣ አገጫቸው ላይ ፕላስተር፣ ግማሽ ፊታቸው የተላጨ ግማሹ ያልተላጨ፣ ሳቄ መጣ፣ በዚህ መሃል ሳቅ፣ ወንድሜ የሚጣለውን ምላጭ ከወረቀቱ እየፈታ ጋሼ እዚህ ይቀመጡ ይላል፣ እሳቸው አይቀመጡም፣ እኔን ያያሉ፣ ምላጩን ያያሉ፣ አልፈርድባቸውም፣ አንገት አንድ ነው።

አራት። አሁን ከግድግዳው በተንጠለጠለው ማለስለሻ ቆዳ ላይ፣ በጀርባው፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ይሰማ፣ ሆን ብዬ ነው፣ እናገረዋለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፣ ስለቱ ደህና ነበር ጋሼ፣ ስለቱስ ደህና ነበር፣ የአባዬ

ተነሳ። አባዬ ተነሳ፣ ፎጣውን ራሱ አንገቱ ላይ እያሰረ፣ ቋጠሮው ሁለቴ አመለጠው፣ ማንም አላገዘውም፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ላይ ተቀመጠ፣ እዚያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም፣ ስለትሽ ደህና ነበር ልጄ፣ እጄ ነው የከዳኝ፣ አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ልብስ ሰፊው እንዲሰሙት፣ ወንድሜ እንዲሰማው፣ ከእኔ ጀምሪ አለና ራሱን ወደ ኋላ ጣለ።

ወንድሜ ምላጩን እንደያዘ ቀረ። አላየውም። አረፋውን እቀባለሁ፣ ጉንጩ ሳስቷል፣ መቼ ነው እንዲህ የሳሳው፣ እጄ ቀጥ ብሏል፣ ዓይኔ ነው የሚያስቸግረኝ፣ ቆይ፣ ቆዳውን በአውራ ጣቴ ወጠር፣ ከጆሮው ሥር፣ ቀስ፣ አባዬ አትተንፍስ።