የምንአገባህ መርዶ

በዚህ ቤት ወሬ እኔ ዘንድ የሚደርሰው አርጅቶ ነው። የልጅ መታጨት፣ የጎረቤት መፋታት፣ የቧንቧ መፈንዳት፣ ሁሉም ሕንፃውን ዞሮ ዞሮ ሲደክመው ነው እኔ ጋ የሚያርፈው። ምክንያቱም እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም ጆሮም የለውም ብለው ያምናሉ፤ የተማሩ ናቸውና አልፈርድባቸውም። ምራቴ አገኘሽ በስልክ እኔን ስታማ ድምጿን እንኳ አትቀንስም።

እናም ውሻው የሞተ ዕለት የኔታንያው ሰፈራችን ዶራ በሙሉ ሲያውቅ ለእኔ ሳይነገረኝ ቀረ።

ውሻውን ከአራት ዓመት በፊት ያመጣችው የልጅ ልጄ ሀዳስ ናት። ከአውቶቡስ ጣቢያው አቅፋ ይዛው መጣች፤ ቀይ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ፣ ቁንጫ የጠገበ። እኔ ባደግሁበት በወገራ ውሻ ደጅ ያድራል፣ ሌባ ሲያይ ይጮሃል፣ ደኅና አደርህ የሚለው የለም። እዚህ ምንጣፍ ላይ ይተኛል፣ የራሱ ሐኪም አለው፣ የክትባት ደብተሩም ከእኔ የሕክምና ወረቀት ይወፍራል። ያኔ ውሻ ሆኜ መምጣት ነበረብኝ አልሁ።

ልጆቹ በዕብራይስጥ ጂንጂ፣ ቀዮ እንደማለት፣ አሉት። እኔ ምንአገባህ አልሁት። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ሳይሆን ለጎረቤት ነው፤ ፊት ለፊት የማትለውን ነገር ውሻህን እየጠራህ ትለዋለህ። ሦስተኛ ፎቅ ተቀምጣ የእኛን ግቢ ስትቆጣጠር የምትውለው ቦሰና የጎንደር ሰው ስለሆነች በደንብ ይደርሳታል።

ልጄ ስማቸው፣ የአገኘሽ ባል፣ ሳፒር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፣ አገኘሽ ከጠዋት እስከ ማታ የለችም፣ ሀዳስ ትምህርት ቤት ናት። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የምንውለው እኔና ምንአገባህ ነበርን። እኔ እሰድበዋለሁ፣ እሱ ያዳምጣል። አንተ ሰነፍ፣ አንተ የወፍ መጫወቻ እለዋለሁ፤ ጅራቱን ይቆላል። ስድቡ ሐሰት አልነበረም። ከቤታችን ጀርባ ባለችው ቁራጭ ግቢ እኔ ዳቦ ስፈረፍር ዋኔዎቹና ድንቢጦቹ ይመጣሉ፣ የእኔን ሲጨርሱ የእሱ ሳህን ላይ ይወጣሉ። እሱ ተጋድሞ ያያቸዋል። ራሷ ጥቁር፣ ከጅራቷ ሥር ቢጫ የሆነች አንዲት ወፍ ደግሞ አለች፤ ሀዳስ ቡልቡል ትላታለች። ጎጆ ስትሠራ ጀርባው ላይ ቆማ ፀጉሩን ትነጭ ነበር። እሱ ፀጉር ቤት እንደተቀመጠ ሰው ዓይኑን ይጨፍንላታል። ጠባቂያችን ይህ ነበር።

አንድ ረቡዕ ለደም ግፊቴ ክሊኒክ ሄጄ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል። አገኘሽ በዚያ ሰዓት ቤት መሆኗ ራሱ ሌላ ነገር ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለችኝ፤ ሽንኩርት ግን በቤቱ አልነበረም።

«እማማ፣ ጂንጂ ፖስተኛውን ነክሶ የከተማው ሰዎች ወሰዱት» አለች። «አሥር ቀን አስረው ይጠብቁታል። ሕጉ ነው።»

እግዚአብሔር ያስፈታው ብዬ ወደ ግቢው ወጣሁ። ገና ከመቀመጤ ቦሰና ከላይ አንገቷን አስግጋ ያጽናሽ አለችኝ፤ የተነገረኝ መስሏት ነው። የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ በራችን ላይ እንደገጨው፣ ሳይሰቃይ ወዲያው እንዳለፈ፣ ስማቸው ከሥራ ተጠርቶ መጥቶ ከሀዳስ ጋር ከሰፈሩ ዳር ባለው አሸዋ እንደቀበሩት ነገረችኝ። ፊቴን ስታይ የቀረውን ዋጠችው። የቀረ ነገር ከነበረ ነው።

ገብቼ መጮህ እችል ነበር። አልጮህሁም። አንደኛ፣ የተማረ ሰው ውሸት እስከ የት ድረስ በእግሩ እንደሚሄድ ማየት ፈለግሁ። ሁለተኛ፣ ነካሽ ማለታቸው ከሞቱ እኩል ከነከነኝ። ወፍ ስትነጨው ዓይኑን የሚጨፍን ፍጡር፣ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ወንጀለኛ ተደረገ።

በማግሥቱ ለእስረኛው ስንቅ አዘጋጀሁ። አጥንቱን ከነመቅኑ ቀቅዬ በድስት ሞልቼ፣ ከሥራ በፊት አድርሺለት ብዬ ለአገኘሽ ሰጠኋት። ወሰደችው። ምን ታድርግ? በሦስተኛው ቀን ድስቱን ተለቅ አደረግሁት።

«በላ?» አልኋት ማታ።

«በላ፣ እማማ።»

«ጅራቱን ቆላ?»

«ቆላ።»

«ፖስተኛውስ ዳነ?»

ፖስተኛው በዚያው ጠዋት ደብዳቤ አምጥቶ እያፏጨ ሲሄድ ሁለታችንም አይተነዋል። እየተሻለው ነው አለች። በአምስተኛው ቀን ጉበት ጨመርሁ፣ በስድስተኛው እንዳይበርደው ብርድ ልብሱን ጠቅልዬ አሸከምኋት። አውቶቡስ ጣቢያው ያሉት ድመቶች ገና ከሩቅ ሲያዩዋት ተሰልፈው እንደሚቀበሏት ቦሰና ነገረችኝ። በኔታንያ እንደዚያ የተከበረች የእኛ ምራት ብቻ ናት።

በሰባተኛው ቀን ስማቸውን አስቀምጬ እስር ቤቱን ልጠይቅ እፈልጋለሁ፣ ስንት ቁጥር አውቶቡስ ይወስደኛል አልሁት። ጠያቂ አይገባም አለኝ። ነፍሰ ገዳይ እንኳ ይጠየቃል አልሁ። ሕጉ ነው አለና ጫማውን ማሰር ጀመረ፤ ጫማው የታሰረ ነበር። ሀዳስ ሳፍታ፣ አያቴ፣ ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች። ከቤቱ መዋሸት ያልቻለችው እሷ ብቻ ናት፤ ገና ትምህርቷን ስላልጨረሰች ይሆናል።

ቀን ቀን ግን ቀልድ የለም። ወፎቹ እንደ ወትሮው ይመጣሉ፣ ባዶው ሳህን ጠርዝ ላይ ቆመው እኔን ያያሉ። ሞላሁላቸው። ባለቤቱ በሌለበት በሉ፣ ምንም አልመሰላቸው። እኔ ምሳዬን ይዤ እቀመጣለሁ፣ ስድቡ አፌ ላይ ይመጣል፣ የሚሰደብ የለም።

ለእኔ ደግነት መሆኑን አላጣሁትም። ይህን ደግነት ቀምሼዋለሁ። ልጄ ታሪኳ ከወንድሟ ከስማቸው ጋር በሱዳን በኩል ወጣች። እሱ እዚህ ደረሰ፣ እሷ እዚያው ሱዳን የስደተኛ መጠለያ ውስጥ ሞተች። እኔ ወገራ ቀርቼ ሰባት ዓመት ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነብልኝ ሰው ታሪኳ ጉልበትሽን ትስማለች ይለኛል። እኔም ሳሙልኝ እላለሁ። ለመቃብር ሰላምታ ስልክ ኖርሁ። አውሮፕላን ላይ ስወጣ ለእሷ ያስጠለፍሁትን ቀሚስ ጭኔ ላይ ይዤ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ፣ ቀሚሱን እያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ካረፍን በኋላ ነው በማለዳ ሽማግሌዎች መርዶዋን ይዘው የገቡት። ደብዳቤውን ይጽፍ የነበረው ስማቸው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

አሥረኛው ቀን ዓርብ ዋለ። ሁሉም ከቀትር በኋላ ቤት ገቡ። እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። የት ልትሄጂ ነው አለኝ ስማቸው። ዛሬ ይፈታል፣ ልቀበለው ነው አልሁ።

ተያዩ። ስማቸው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እናቴ፣ ሐኪሙ ጥቂት ቀን ይቆይ ብሏል።»

«ምነው፣ አንበሳ ሆነ እንዴ?»

አገኘሽ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተበላሽቶባት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ስማቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ማን ነገረሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ያልነገረኝ አንተ ነህ። እሱን ጠይቀኝ።»

«ላንቺ ብለን ነው፣ እናቴ። ልብሽ ደክሟል ብለን።»

«ልቤ የታሪኳን ችሏል። ያኔም ላንቺ ብለን ነው አላችሁኝ። ሰባት ዓመት ልጄን ሳላለቅሳት ቀረሁ። አሁን ደግሞ ውሻዬን አሰራችሁብኝ።»

ስሟ በዚያ ቤት ሲጠራ የመጀመሪያው ነበር። ስማቸው ቁጭ አለ፣ ወለሉ ላይ፣ ምንአገባህ ይተኛበት ከነበረው ቦታ። ሊናገር አፉን ከፈተ፤ እጄን አነሳሁበት።

«አሁን አይደለም። ሰንበት ሊገባ ነው፣ በሰንበት አላለቅስም። እሑድ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ሁላችሁም ፊታችሁን ታጥባችሁ በዚያ በር ግቡ። ቦሰናንም ጥሯት፤ እሷ ሳትጠራም መምጣቷ አይቀርም። እኔን አስቀምጡኝ፣ ግራና ቀኝ ያዙኝ፣ ለሰው እንደሚደረገው። ከዚያ አንተ ዓይኔን እያየህ ምንአገባህ ሞቷል፣ ማንንም አልነከሰም ትለኛለህ። እሱን ስትጨርስ እዚያው ሳትነሣ የታሪኳን ትነግረኛለህ፤ ያኔ ሽማግሌ ልከህ ነበር፣ አሁን ራስህ ከአፍህ። በምን ሞተች፣ ማን ያዛት፣ የት አስተኛችኋት። እኔ ፊደል አላውቅም፣ ደብዳቤ አትጻፍልኝ።»